ማኖ ያልሰጠሁበት እሑድ

ባለፈው እሑድ ኪቶ አካባቢ የሁለት ሰፈር ልጆችን ሳጫውት አንዴ ፊሽካ ባለመንፋቴ እስካሁን ሰላምታ የሚነፍጉኝ ሰዎች አሉ። የጅማ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ሜዳው ጭቃ ነበር። ተከላካዩ ኳስ ሊያቋርጥ ተንሸራተተ፤ ሲወድቅ ግራ እጁን መሬት ላይ ተመረኮዘ። የክንፍ አጥቂው ከሁለት እርምጃ ርቀት የመታት ኳስ ክንዱ ላይ አረፈች። ከዳር ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ማኖ!» አለ። እኔ በእጄ «ቀጥሉ» አልኩ።

ከጨዋታው በኋላ ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ አንድ ሽማግሌ አፋጠጡኝ። «ልጄ፣ ኳስ እጅ ከነካች ነካች ነው። ምኑ ይመረመራል?»

«ጋሼ፣ ሕጉ ራሱ እኮ እጅ የነካች ኳስ ሁሉ ጥፋት አይደለችም ይላል» አልኳቸው። ዳኛ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ተጫዋቹ ሆን ብሎ ነካ ወይ? ካልሆነስ፣ እጁን ያለ ቦታው ዘርግቶ ሰውነቱን አግዝፏል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚያጨቃጭቀው፤ የእጁ አቀማመጥ በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው እንቅስቃሴ የመጣ ከሆነ አያስቀጣም። የሚወድቅ ሰው እጁን ካላስቀደመ በምኑ ይውደቅ? በፊቱ?

አጥቂ ላይ ግን ሕጉ ጨካኝ ነው። ኳስ ሳያስበው እጁን ነክታው ወዲያው ጎል ቢያስቆጥር አይጸድቅለትም። ነክታው ጓደኛው ቢያስቆጥር ግን፣ ሆን ብሎ እስካልሆነ ድረስ፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጎል ነው። እጅ የሚባለው ከየት እንደሚጀምር እንኳ በብብት ተለክቷል፤ ከብብት ግርጌ በላይ ያለው ትከሻ ነው።

ጋሼ አልተረቱም፤ የ2024ቱን የአውሮፓ ዋንጫ አነሱብኝ። ስፔንና ጀርመን 1 ለ 1 ሳሉ የጀርመኑ ሙሲያላ የመታት ኳስ የስፔኑን ተከላካይ የኩኩሬያን እጅ ነካች፤ ዳኛው አንቶኒ ቴይለር በዝምታ አለፈ፤ ስፔን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈች። ከወራት በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የዳኞች ኮሚቴ ፍጹም ቅጣት ምት መሰጠት ነበረበት አለ። «እነሱ በቪዲዮ ደጋግመው አይተው የተሳሳቱትን አንተ በጭቃ ውስጥ አንዴ አይተህ?» አሉኝ። እውነት ለመናገር፣ እዚህ ላይ መልስ አጣሁ።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ማኖ የሚለውን ቃል ከጣሊያንኛ ወስደን ከሜዳ ውጭም አገባነው። የተሳሳተ ሰው «ማኖ ነካ» ይባላል፤ ሰውን አታልሎ ጥፋት ውስጥ የከተተ ደግሞ «ማኖ አስነካው» ይባላል። ኳስ ሜዳ ላይ ግን «አስነካው» የሚል ተመልካች ሰምቼ አላውቅም። ጎል የጠበበበት አጥቂ የተከላካዩን ክንድ ዒላማ ሲያደርግ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ተከላካዮችማ እጃቸውን እንደ እስረኛ ወደ ኋላ አጣምረው መሮጥ ከጀመሩ ቆዩ። እስቲ እንደዚያ ሆናችሁ ለመዞር ሞክሩ።

ይህን ስናገር የክንፍ አጥቂው ከጎናችን ቆሞ ካልሲውን ይጨምቅ ነበር። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ክንዱን አይቼ ነው የመታሁት» አለ።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው ልጁን ገላመጡት። የልጅ ልጃቸው ነው።