በጎ በጎውን ብቻ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። የቱሉ ዲምቱ ንፋስም አለበት። ትናንት ጠያቂዎች ሲወጡ፣ ፕሮስቴት በሚባለው ከፊኛ ሥር ባለ አካላቸው ላይ ካንሰር የያዛቸውን ጋሼን «በርቱ እንጂ፣ በጎ በጎውን ብቻ ያስቡ» አሏቸው፤ ጋሼም አንገታቸውን ደፉ። ከልብ የተባለ ነው፤ ግን ለታመመ ሰው ዕዳ ይሆንበታል። በከፋው ቁጥር ዕጢውን ራሱ የሚያሳድገው ይመስለዋል። ቀና ማሰብ ዕጢ እንደሚያጠፋ፣ መከፋትም እንደሚያሳድግ የተረጋገጠ ነገር የለም። ቀና ሐሳብ የሚጠቅመው ለውሎና ለአዳር ነው፤ እሱም እንቅልፍና ሽንት መላ ካላገኙ ከየት ይመጣል?

ሆድ መባሱስ ከመድኃኒቱም አይደል። ሐኪሙ ቻርልስ ሃጊንስ የወንድ ሆርሞን ሲነጥፍ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚያፈገፍግ እ.ኤ.አ. በ1941 ካሳየ ወዲህ፣ ለተሰራጨ በሽታ ዋነኛው ሕክምና ያንን ሆርሞን ማድረቅ ነው። ወይ የዘር ፍሬው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ወይ እንደ ጎሰሬሊን ያለ መርፌ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ 3.6 ሚሊ ግራሙ በየ28 ቀኑ፣ 10.8ቱ በየ12 ሳምንቱ። ከዚያ በኋላ ጉልበት ይከዳል፣ ጡንቻ ይሳሳል፣ እንባም ይቀርባል። እንባቸው የእምነት ማነስ አይደለም። ሳምንታት ዘልቆ ምግብና እንቅልፍ ከነሳቸው ግን ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ ይህ ዓይነቱ ሐዘንም ሕክምና አለው።

አጀማመሩ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መርፌው ሆርሞኑን ከማድረቁ በፊት ለጥቂት ጊዜ ከፍ ያደርገዋል፤ ቢካሉታማይድ የሚባለው እንክብል አስቀድሞ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ይህን ያልነገሩት ሰው አጥንቱን ሲጠዘጥዘው «መርፌው ገደለኝ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል። የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሌሊቱ ነው። ሰውነት ድንገት እንደ ምጣድ ይግላል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ይገባል። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ጭኖ ከመተኛት የጥጥ አንሶላ፣ ነጠላ፣ ከላይ ጋቢ ደርቦ አንድ በአንድ መግፈፍ ይሻላል። የላብ መለወጫ ቲሸርት ትራስ ሥር ይቀመጥ። ትኩስ ቡና፣ ሚጥሚጣና አረቄ ወላፈኑን የሚቀሰቅሱባቸው ብዙ ናቸው፤ የማታው ቡና ሽንትም ያበዛል። ውሃ ቀን ቀን ይጠጣ፣ ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ይቀነስ። ሽንት ፈርቶ ጨርሶ መተው አይሆንም፤ የጠቆረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ከአልጋው አጠገብ አይጥፋ፤ ሕክምናው አጥንት ያሳሳልና በጨለማ መውደቅ ስብራት ነው።

የጨረር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ማሽኑ ላይ የሚተኛው ፊኛው ሞልቶ ነው። ከቤት ውሃ ጠጥቶ ታክሲ መሳፈር ስቃይ ነው፤ እዚያ ደርሶ ሸንቶ፣ ባለሙያው ባለው መጠንና ሰዓት ቢጠጣ ይሻላል።

ለድካሙ መንቀሳቀስ ከመተኛት ይበልጣል፤ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ በልክ ከተወጣ መልካም ነው። በሽታው አጥንት ከነካ ግን የውሃ ጀሪካን መሸከም አይታሰብም።

እንዴት እንደማነሳው ያጣሁት አንድ ነገር አለ። ሕክምናው የአልጋ ፍላጎትንም ያጠፋል። ለባለቤታቸው ለእትዬ ይህን የነገራቸው የለም፤ ጠሉኝ ብለው ይሆን? ሐኪም ጋ የሚገባው ሁሌ ልጃቸው ነው፣ ጋሼ ደግሞ ልጃቸው ፊት ትንፍሽ አይሉም። በሚቀጥለው ቀጠሮ እትዬ አብረው ይግቡ ብል፣ ለምን ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ?