በፍላሚንጎ ፖስተር ላይ አንዲት መስመር እንዴት እንዳንገበገበችኝ

ፍላሚንጎ ስለሚባለው ረጅም እግር ያለው የውሃ ወፍ የሚያስተምር ፖስተር አዘጋጅ ተባልኩ። ስድስት ዝርያ፣ ስድስት ፎቶ፣ ከሥራቸው ሳይንሳዊ ስምና ምደባ። ሲያዩት የአንድ ሰሞን ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ለመግባት ያሰበ ሰው ካለ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገረው።

ፎቶ መሰብሰቡና ፈቃድ መጠየቁ የሚወራለት አይደለም። ስሞቹም ቢሆኑ ጣጣ የላቸውም። ፍላሚንጎዎች በሦስት ጂነስ፣ ማለትም የሚቀራረቡ ዝርያዎችን በሚይዝ ምድብ፣ ይመደባሉ። ፊኒኮፕተረስ ውስጥ ትልቁ ፍላሚንጎ፣ የአሜሪካውና የቺሊው አሉ። ፊኒኮናያስ ውስጥ ትንሹ ፍላሚንጎ ብቻውን ነው። ፊኒኮፓረስ ደግሞ የአንዲስ ተራሮችን ፍላሚንጎና የጄምስን ፍላሚንጎ ይይዛል። አበቃ።

ፎቶዎቹን ስትለዩ ግን ቀለም አትመኑ። ብዙ መመሪያዎች "በጣም ቀይ ከሆነ ይሄኛው ነው፣ ፈዘዝ ካለ ያኛው" ብለው ይጀምራሉ። ቀለሙ የሚመጣው ከምግብ ነው፤ አልጌውና ጥቃቅኖቹ የውሃ እንስሳት ውስጥ ካለው ካሮቲኖይድ ከሚባል ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር። ታዳጊዎቹ ግራጫ ናቸው። ይልቅ ምንቃርና እግር ተመልከቱ። የቺሊው እግር ግራጫማ ሆኖ መገጣጠሚያው ቀይ ነው። ቢጫ እግር ያለው የአንዲሱ ብቻ ነው። የጄምሱ ምንቃር ደማቅ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ይጠቁራል። የትንሹ ምንቃር ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ነው የሚመስለው፤ ጠጋ ሲሉት ግን ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ፊኒኮፓረሶች የኋላ ጣት የላቸውም። ይሄኛው ምልክት በጣም አስተማማኝ ነው፤ ችግሩ ፎቶ የሚነሱት ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ቆመው ነው።

ከዚያ ጽሑፉ ለግምገማ ገባ።

ሲመለስ ሁለት ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል። አንዱ "ዝርያዎቹ አምስት ናቸው" ይላል። ሌላው "ኦርደር፦ ከእነ ራዛ ጋር ይስተካከል"። ኦርደር የሚቀራረቡ ፋሚሊዎችን አንድ ላይ የሚይዝ፣ ከፋሚሊ በላይና ከክላስ በታች ያለ የምደባ እርከን ነው።

የመጀመሪያው ብዙ አላስቸገረም። የሳይንሳዊ ስም አሰጣጥን የጀመረው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ሩበር ብሎ የሰየመው የአሜሪካውን ነው። የአፍሪካ፣ የእስያና የደቡብ አውሮፓውን ትልቁን ፍላሚንጎ ደግሞ ፓላስ በ1811 ሮዚየስ አለው። ብዙ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሁለቱን እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጥሩ ቆይተዋል። አምስት የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ለየብቻ ይቆጠራሉ። ይህን አስረዳሁ፤ "እሺ፣ ስድስት ይሁን" ተባለ። በጣም ደስ አለኝ። ሁለተኛውም በዚሁ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

ገምጋሚው በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ስገባ ወፍራሙን መጽሐፍ ገልጠው ጠበቁኝ። "ይኸው" አሉኝ። "ረጅም እግር፣ ረጅም አንገት። ከእነ ራዛና አባ ኮዳ ጋር ነው።"

እግርና አንገት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ድሮ ባለቀ ነበር። የፍላሚንጎ ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ ምንቃሩም ውስጥ ውሃ የሚያጠልል ወንፊት አለው። በዚህ የተነሳ ከዳክዬ ጋር የመደቡት ነበሩ። ላባው ውስጥ የሚኖረው ቅማል እንኳ የዳክዬን ቅማል ይመስላል። በ1980 ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ወፎች ጋር ነው የሚዛመደው ያሉ ተመራማሪዎች መጡ። ሁሉም የየራሱ ማስረጃ ነበረው።

በ2001 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ማንም ያልጠበቀውን ዘመድ አመጣ። ግሪብ የምትባለውን፣ አጭር እግር ያላትን፣ ውሃ ውስጥ እየጠለቀች የምታድን ወፍ። መጀመሪያ ላይ ያላመኑ ብዙ ነበሩ። ከዚያ አካላቸው ሲታይ ተመሳሳይነቱ መውጣት ጀመረ። የሁለቱም እንቁላል ኖራ የመሰለ ሽፋን አለው። ክንፋቸው ጫፍ ላይ ያሉት ዋና ዋና ላባዎች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ናቸው። ፓሊሎደስ የሚባል የጠፋ የፍላሚንጎ ዘመድ ቅሪተ አካልም አለ፤ እሱም መሃል ላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ፍላሚንጎ ዛሬ ፊኒኮፕተሪፎርምስ የሚባል የራሱ ኦርደር አለው። ግሪብም የራሷ ኦርደር አላት፤ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት።

ይህን ሁሉ አትሜ ወሰድኩላቸው።

"ይሄ ከኢንተርኔት ነው" አሉኝ። "መጽሐፉ ግን የተፈቀደ ነው።"

"ጋሼ፣ መጽሐፉ የታተመው እኮ ጥናቱ ሳይሠራ ነው።"

"እንግዲያው አዲስ እትም ሲመጣ እናስተካክላለን።"

ደብዳቤ ጻፍ ተባልኩ፤ ጻፍኩ። ደብዳቤው "ለሚመለከተው ክፍል" ተመራ። የሚመለከተው ክፍል ለገምጋሚው መለሰው። ገምጋሚው ኮሚቴ ይየው አሉ። ኮሚቴው ውስጥ ፍላሚንጎ ጉዳዩ የሆነ ሰው አልነበረም። አንዱ አባል ለማስታረቅ ፈልጎ "ሁለቱንም ኦርደር ጻፍና በእዝባር ለያቸው" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

በመጨረሻ የተወሰነው ይሄ ነው፦ የኦርደሩ መስመር ይውጣ። ፖስተሩ ላይ ከፋሚሊ ተነስተን በቀጥታ ክላስ ላይ እንዘላለን። እስካሁን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ለምትጀምሩ ሰዎች የምለው ይሄን ነው። ሥራ ከመንካታችሁ በፊት ገምጋሚው የትኛውን መጽሐፍ ይዞ እንደሚጠብቃችሁ ጠይቁ። "የተፈቀደ መጽሐፍ ብቻ ተጠቀሙ" የሚለውን መመሪያ ለምደባ ሥራ አልቀበለውም፤ እዚህ ላይ ከፈቃዱ ይልቅ የታተመበት ዓመት ይበልጣል። በየጊዜው የሚታደስ አንድ ዓለም አቀፍ የወፎች ዝርዝር ምረጡና ሙጭጭ በሉበት፤ ከሁለት ዝርዝር ግማሽ ግማሽ አትውሰዱ። የዝርዝሩን ስምና ዓመት መጀመሪያ ላይ አስፈርሙበት፤ ኋላ ስትከራከሩ የምትይዙት እሱን ነው።

ዲዛይነራችሁንም ተከታተሉ። ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሰያሚው ስምና ዓመት ይጻፋል። ዝርያው ከተሰየመ በኋላ ወደ ሌላ ጂነስ ከተዛወረ የሰያሚው ስም ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ካልተዛወረ አይገባም። የአሜሪካው፣ የቺሊውና የትልቁ ሰያሚዎች፣ ማለትም ሊኒየስ 1758፣ ሞሊና 1782 እና ፓላስ 1811፣ ያለ ቅንፍ ናቸው። የትንሹ፣ የአንዲሱና የጄምሱ ሰያሚዎች፣ ማለትም ጂኦፍሯ 1798፣ ፊሊፒ 1854 እና ስክሌተር 1886፣ በቅንፍ ናቸው፤ ሦስቱም መጀመሪያ ፊኒኮፕተረስ ተብለው ነበርና። የእኔ ዲዛይነር "ወጥ ይሁን" ብሎ ሁሉንም ቅንፍ አውጥቶት ነበር። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ደርሼ አስመለስኩት። ሦስቱ በቅንፍ፣ ሦስቱ ያለ ቅንፍ ታትመዋል፤ ይሄን ለማንም ኮሚቴ አላሳየሁም።