በደሴ ክረምት የተሠራች የልብስ ማስጫ

ደሴ ክረምትን ያላሳለፈ ሰው ልብስ ማድረቅ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሐምሌ ገብቶ የጦሳን ተራራ ጉም ከሸፈነው፣ የታጠበ ካልሲ በሦስተኛው ቀን ስትነካው እንኳ ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ "እኛ ጋ እኮ ከምሳ በፊት ይደርቃል" እያለች ታናድደኛለች። እሷ ምን አለባት፣ ቆላ ወርዳ!

የእማዬ መፍትሔ አንድ ነው፤ የከሰል ምድጃ። የልጄን ቲሸርት ከላዩ ትዘረጋዋለች። መድረቁስ ይደርቃል፣ ግን ልጅቷ ጭስ ጭስ እየሸተተች ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ደግሞ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ አደጋ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ቤት ውስጥ መስኮት ስር የምትቆም፣ ልጄ ራሷ የምታሰጣባት ትንሽ የእንጨት ማስጫ ልሠራ ተነሣሁ።

3018 የሚሏት ትንሽ ሲኤንሲ ማሽን አለችኝ። ኮምፒውተር ላይ የሣልከውን መስመር ተከትላ ቢት በሚሉት የሚሽከረከር መቁረጫ እንጨት ትቆርጣለች። ስሟ ልኳ ነው፤ 30 በ18 ሴንቲ። እኔ የፈለግኩት ደግሞ 70 ሴንቲ እግር። ምን ይደረግ፣ እያንዳንዱን እግር ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ 26 ሴንቲ የሆኑ ቁራጮች፣ ጫፋቸው ግማሽ ውፍረቱ ተበልቶ 4 ሴንቲ የሚደራረቡ፣ በኮላ የሚጣበቁ። አራት እግር፣ 12 ቁራጭ። 12 ሚሊ ኮምፔልሳቶ ነው የተጠቀምኩት። ማሽኗ አቅም ስለሌላት በአንድ ዙር 1 ሚሊ ብቻ ነው የምታወርደው። ጩኸቷን የሰማች ጎረቤት "ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?" ብላ መጣች።

ስድስተኛው ቁራጭ ላይ መብራት ሄደ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞተሮቹ ኃይል ሲቋረጥባቸው የት እንደነበሩ ይረሳሉ፤ የእኔዋ ደግሞ መነሻዋን የሚያሳውቃት ስዊች የላትም። መብራት ሲመጣ በግምት ባስነሣት አንድ ሚሊ ስታ እንጨቱን አበላሸችው። ከዚያ በኋላ አንድ ዘዴ ያዝኩ፦ ሥራ ሳልጀምር፣ ከቁራጩ ውጪ ጥግ ላይ በራሷ ቢት አንዲት ጠባብ ቀዳዳ እበሳና ዜሮዬን፣ ማለትም ልኬት ሁሉ የሚነሣበትን ነጥብ፣ እዚያ አደርጋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢቱን ቀስ እያልኩ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ እስኪገባ እመልሰዋለሁ። ጂ-ኮዱን፣ ማለትም የማሽኗ ትእዛዝ በየመስመሩ የተጻፈበትን ፋይል፣ ከፍቼ ተቆርጦ ያለቀውን መስመር አጠፋለሁ፤ መለኪያውንና አቀማመጡን የሚናገሩትን የመጀመሪያ መስመሮች ግን አልነካም። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሄዷል፣ አንድም እንጨት አልተበላሸም።

ለዘንጉ ከሱቅ አምስት የመጥረጊያ እንጨት ገዛሁ። ማሽኗ ቀዳዳውን 22 ሚሊ አድርጋ ልቅም አድርጋ በሳችው። መጥረጊያዎቹ ግን ማን ለካቸው! አንዱ 21፣ አንዱ 23፣ አንዱ ጭራሽ በአንድ ጫፉ ቀጭን በሌላው ወፍራም። ግማሽ ቀን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ዋልኩ።

እግሮቹ በብሎን ተሻግረው ስለሚታጠፉ በጣም ያሳሰበኝ የልጅ ጣት ነው። ሲታጠፍ ጣት እንዳይቆነጥጥ፣ በሁለቱ እግሮች መሀል ሮንዴላ ደራርቤ ክፍተቱን ከ12 ሚሊ በላይ አደረግሁት። ጠርዙንም ሁሉ አለዘብኩት።

ልጄ መጀመሪያ ያሰጣችው የአሻንጉሊቷን ቀሚስ ነው። ደረቅ ነበር፣ ግን ልክ ነው፣ ማስጫዋ የእሷ ናት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ማስጫዋ በጎኗ ወድቃለች። እማዬ እርጥብ ጋቢዋን ጭናባት ኖሯል።

"እማ፣ የልጅ እኮ ናት!"

"ታዲያ የእኔንስ መቼ ነው የምትሠራው?" አለችኝ።

ለጋቢ የሚሆን እግር ስንት ቦታ ልክፈለው እያልኩ እያሰብኩ ነው።