«ካቃጠለዎት እየሠራ ነው»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ፋርማሲ ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። የጮቄ ንፋስ ሲወርድ ከንፈሩ የማይሰነጠቅ ሰው የለም፤ የከንፈር ቅባት እንደ ዳቦ ይሸጣል።

አንዲት ጠና ያሉ አስተማሪ ከንፈራቸው ተልጦ መጡ። ሜንቶል ያለበትን፣ እንደ ማስቲካ የሚሸተውን፣ ወደድ የሚለውን ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ተመለሱ። «ዶክተር፣ ስቀባው ቀዝቀዝ ይላል፤ ቆይቶ ግን ያቃጥለኛል።» እኛ ዘንድ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ዶክተሩም መለሰ፦ «ካቃጠለዎት እየሠራ ነው። ደጋግመው ይቀቡት።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር። ገለጥ ሲያደርጉት ደነገጥኩ። ቅላቱ ከከንፈራቸው ጠርዝ አልፎ ወደ ቆዳው ወጥቷል፤ የአፋቸው ዳርና ዳር ተሰንጥቋል።

ኃላፊዬ ካርቶኑን ተቀበለችኝ። ጽሑፉ ከጤፍ ያነሰ ስለሆነ በስልኳ ፎቶ አንስታ አጎላችው። ሜንቶል፣ ካምፎር፣ ማጣፈጫ፣ ላኖሊን። ከዚያ ለእሳቸውም ለእኔም አስረዳችን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቅዝቃዜ የተሰማን ያስመስላሉ እንጂ የተሰነጠቀ ከንፈርን ይቆጠቁጣሉ። ሲቆጠቁጥ እንልሰዋለን፤ ምራቁ ሲተን ይብሱን ያደርቀዋል፤ እንደገና እንቀባለን። ማጣፈጫውና ከበግ ጠጉር የሚወጣው ቅባት፣ ላኖሊን፣ ደግሞ አንዳንዱን ሰው አለርጂ ያስነሱበታል። አለርጂው ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከቀን ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ «ትናንት ሞክሬው ምንም አላለኝም» ማለት አያዋጣም።

እኔም ጥፋቴን ልክስ ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «እንግዲያው የጎጃም ማርና ሰም እያለን!»

ኃላፊዬ አፈጠጠችብኝ። ሰሙ ብቻውን ብዙ ሰው አያስቸግርም አለች። ያልተጣራ ከሆነ ግን ንቦች የቀፎውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት ሙጫ፣ ፕሮፖሊስ፣ ይኖርበታል፤ እሱ ደግሞ የታወቀ አለርጂ አምጪ ነው። ቀፎ ሥር ነው ያደግኩት፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

ሁሉንም አስቁማ ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ሰጠቻቸው። ካልተሻለዎት ቆዳ ሐኪም ጋ ይሂዱ አለቻቸው። ዋጋውን ሲሰሙ ቅር አላቸው፤ ርካሽ መድኃኒት መናቅ የእኔ ብቻ አይደለም ለካ።

ከጥምቀት በኋላ ብቅ አሉ፤ ነጠላው ትከሻቸው ላይ ነው። «ካቃጠለ እየሠራ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እኔ ከንፈራቸውን ነበር የማየው። አልደማም።