ከአንድ ክፍል ሁለት ጾመኞች

ዛሬ አራት ኪሎ ከእህቴ ልጅ ጋር ማኪያቶ ስንጠጣ አመሸን። ኢስዋቲኒ (የቀድሞዋ ስዋዚላንድ) ከሚገኘው ዋተርፎርድ ካምላባ ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥታ ነው። እኔ ስለ ፈተና ስጠይቃት እሷ ስለ መኝታ ክፍል ጓደኛዋ ታወራኛለች። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው፣ ያቺ ሞዛምቢካዊት ሙስሊም ለሱሁር ስትነሳ የእኛዋም ትነቃለች፤ ማታ ደግሞ ምስር ወጥ ሠርታ አብረው ያፈጥራሉ። «አጎቴ፣ ስለ ጾማችን ስትጠይቀኝ ለካ እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር» አለችኝ። ይህ ቃሏ ልቤን ነካው።

ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲከፈት ጎረቤት ደቡብ አፍሪካ ልጆችን በቆዳ ቀለም ለያይታ ታስተምር ነበር፤ እሱ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ተቀበለ። ማንዴላ እስር ቤት ሳሉ ሴቶች ልጆቻቸው ዘናኒና ዚንዚ የተማሩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ በጀርመናዊው መምህር ኩርት ሃን ሐሳብ የተጀመረውንና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣቶችን አንድ ላይ የሚያስተምረውን የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆችን ማኅበር ተቀላቀለ።

እኛስ? እ.ኤ.አ. ከ1958 በኋላ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከናይጄሪያ በነጻ ትምህርት ዕድል የመጡ ወጣቶች በዚሁ አራት ኪሎ ከእኛ ተማሪዎች ጋር ተምረዋል፤ ስለ አህጉራቸው እንዲያስቡም ቀስቅሰዋቸዋል። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነች ከተማ፣ የልዩ ልዩ አገር ልጆች አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ክፍያው ለመንግሥት ሠራተኛ ልጅ የማይቀመስ መሆኑ ያንገበግበኛል።

አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች ተማሪ የሚመርጡት በአብዛኛው በየአገሩ ባሉ ኮሚቴዎች ነው፤ ለተቸገረም ድጋፍ አላቸው። እባካችሁ ልጆቹ እንዲያመለክቱ አበረታቷቸው።