የክረምት በጎ ፈቃደኛ ምልመላ ከግንቦት ይጀምራል

ሰኔ ሊያልቅ ሲል በየወረዳው በር ላይ ባነር ይሰቀላል፣ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፣ መዝገቡም በሳምንት ውስጥ በስም ይሞላል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሥራው ቦታ ሲኬድ ግን ከተመዘገበው ብዙው የለም። ይህን አይቶ ‹‹ወጣቱ ፍላጎት የለውም›› ማለት ስህተት ነው። ፍላጎቱማ ስሙን ሲያስመዘግብ ታይቷል። ሰው የሚጠፋው በምዝገባውና በመጀመሪያው የሥራ ቀን መካከል ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ በአስተባባሪው እጅ ያለ ነው።

እንደ አዲስ አበባው የኅብረተሰብ ተሳትፎና በጎ ፈቃድ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ያለ ተቋም ብዙ ዓይነት ሥራ ይመራል፦ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፣ ማዕድ ማጋራት፣ ደም ልገሳ፣ ችግኝ ተከላ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት። እያንዳንዱ የየራሱን ሰውና የየራሱን ወቅት ይፈልጋል። ስለዚህ ከላይ በኮታ የወረደ ‹‹ይህን ያህል ሺህ መልምሉ›› የሚል ቁጥር ለእኔ ዕቅድ አይደለም። ዕቅድ የሚወጣው ከሥራው ተነስቶ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ወረዳው በ6 ትምህርት ቤቶች፣ በየትምህርት ቤቱ በ4 ክፍል ማጠናከሪያ ሊሰጥ አስቧል እንበል። ለአንድ ክፍል 2 ሰው ቢመደብ 48 ይሆናል። ለሚታመምና ለሚቀር ሩቡ ሲጨመር 60። የአምናው የመገኘት መዝገብ ከተመዘገቡት ግማሹ ብቻ መምጣቱን ካሳየ መመዝገብ ያለበት 120 ሰው ነው። የመገኘት መዝገብ የሌለው ወረዳ ይህን ማስላት አይችልም፤ ዘንድሮ መዝገቡን ከመያዝ ይጀምር።

ቤት እድሳት ላይ ግን ብዙ ሰው መመልመል ራሱ ጉዳት ነው። በጠባብ ግቢ ውስጥ ከ15 ሰው በላይ ሲገባ እርስ በርስ መጋፋት ይሆናል። 2 አናጺ፣ 1 ግንበኛና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ 1 ሰው ከሌሉ ደግሞ 30 ወጣት ቢመጣ ቆርቆሮ ከማቀበል አያልፍም። እነዚህን ባለሙያዎች ባነር አያመጣቸውም። የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ግን ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ቀን ሥራ እንደሌለው ያውቃል፤ በወር ስብሰባቸው ላይ አሥር ደቂቃ መጠየቅ ይበቃል። የጭቃ ቤት ከሆነ ወቅቱም ወሳኝ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት መሰንበት አለበት፤ ከተመረገ በኋላም ዝናብ ሳይመታው መድረቅ አለበት። በሐምሌ እርጥበት ምርጊት እሺ ብሎ አይደርቅም። ስለዚህ የግድግዳው ሥራና ሠራተኛው ለግንቦት ይመደቡ፤ ለክረምቱ የቤት ውስጥ ሥራ ይቆይ።

ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚፈለጉት በብዛት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ወደ ቤተሰባቸው የሚመለሱበት ቀን እንደየግቢያቸው ስለሚለያይ ገና ግቢ ሳሉ በቴሌግራም አግኝቷቸው የሚመጡበትን ቀን መጠየቅ ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ፈተናቸውን ሳይጨርሱ አትጥሯቸው።

ጥሪው ከየማኅበረሰቡ ሰው አፍ ሲወጣ ይሰማል፦ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ተጠሪ፣ ከጁምዓ በኋላ በመስጂዱ ኮሚቴ፣ በወጣት ማዕከል በሚታወቅ ልጅ። ‹‹ኑ አገልግሉ›› ማለት አይበቃም። የሥራው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በአንድ ትንፋሽ ይነገር። ክፍያ የለም፣ ትራንስፖርት አለ ወይም የለም፣ ምሳ አለ ወይም የለም፤ ይህም በግልጽ ይነገር። የምስክር ወረቀቱ ሥራ ያስቀጥራል የሚል ተስፋ አይሰጥ፤ ስለ ፓርቲ አባልነትም በቅጹ ላይ አይጠየቅ። ሁለቱም ሰው ይመልሳሉ።

ቅጹ አጭር ይሁን፦ ስም፣ ስልክ፣ ወረዳ፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ ነፃ የሆነበት ቀን። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ይጨመር። በኦንላይን የሚሞላ ከሆነ የቀንና የሰዓት ሳጥኑን አጥፍታችሁ በጽሑፍ ‹‹ጠዋት 2 ሰዓት›› በሉ። ስልኩ በራሱ የፈረንጅ አቆጣጠር ሲያስገባ አንዱ በ8፣ ሌላው በ2 ይመጣል፤ ቀኑም እንዲሁ ይምታታል።

ከተመዘገበ በ3 ቀን ውስጥ ሥራውን የሚመራው ሰው ራሱ ይደውልለት። ከዚያ ከሥራው ቀን በፊት በነበረው ምሽት አጭር መልእክት ይላክ። በፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሁለትና ሦስት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሰላምታና መፈክር ስታበዙ ቦታው ያልቃል። ይህ ይበቃል፦ ‹‹ቅዳሜ ሐምሌ 11 ጠዋት 2 ሰዓት ወረዳ 5 ጤና ጣቢያ በር ላይ ይገኙ። የሚመጡ ከሆነ 1 ብለው ይመልሱ።›› መልስ ያልመጣበትን ሰው የተጠባባቂ ዝርዝሩ ይሸፍነዋል፤ ሩቡ የተጨመረው ለዚህ ነው።

ደም ልገሳ ለብቻው ይታሰብ። ለጋሹ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ መሆን አለበት። ይህ በጥሪው ላይ ካልተነገረ ታዳጊዎች ተሰልፈው ይመለሳሉ፤ አንዴ የተመለሰ ልጅ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ለጿሚው የጠዋት ቀጠሮ አትያዙ፤ ሰው ሳይበላ ደም መስጠት የለበትም። በሐምሌ የሰጠ ሰው በ3 ወሩ ተመልሶ መስጠት ይችላል። ስለዚህ የሐምሌው ስም ዝርዝር ጥቅምት ላይ ይከፈትና ለእያንዳንዱ ለጋሽ እንደገና ይደወልለት።