ዋስ ከፈረመበት ልክ በላይ ወለድ ይጠየቃል?

ለዘመድ ወይም ለሥራ ባልደረባ ብድር ዋስ የሚሆን ሰው የሚያስበው በውሉ ላይ የሠፈረውን የገንዘብ ልክ ብቻ ስለሆነ፣ ብድሩ ሳይከፈል ቆይቶ ወለዱ ሲከማችና አበዳሪው ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ ሲጠይቀው ይደነግጣል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ከተዋዋሉበት ወሰን አልፎ ሊሄድ እንደማይችልና ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጠቀሰ ውሉ ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ያህል የተጠነቀቀው፣ ዋስ ከብድሩ ሳይጠቀም የሌላውን ዕዳ የሚሸከም ሰው በመሆኑ ይመስለኛል።

ስለዚህ አንድ ሰው እስከ 200,000 ብር ዋስ ቢሆንና ዕዳው ከነወለዱ 260,000 ብር ቢደርስ፣ ከዋሱ በዋስትናው የሚጠየቀው 200,000 ብር ሲሆን የቀረው 60,000 ብር የተበዳሪው ዕዳ ብቻ ነው። ሆኖም ዋስ ወለድ ፈጽሞ አይነካውም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ዋናው ገንዘብ ወደ 150,000 ብር ወርዶ ወለዱ 40,000 ብር ቢሆን፣ ዋስትናው ወለድን የሚሸፍን እስከሆነ ድረስ ድምሩ ከልኩ ስለማያልፍ ዋሱ ለሁሉም ይጠየቃል።

አከራካሪ ሆኖ የሚታየኝ «እስከ 200,000 ብር፣ እንዲሁም ወለዱንና ወጪውን» የሚል ውል ነው። የወለዱ መጣኔ በውሉ ስለታወቀ ልኩ ሊሰላ ይችላል የሚል ክርክር ይቀርብ ይሆናል፤ ነገር ግን ብድሩ ስንት ዓመት እንደሚዘገይ የማያውቅ ዋስ ሲፈርም ምን ብሎ ሊያሰላ ይችላል? በእኔ አስተያየት ለወለዱ ጣሪያ አልተበጀለትምና፣ ከ200,000 ብር የሚያልፈው ክፍል የቁጥር 1922ን መስፈርት አያሟላም።

የዋሱ የራሱ መዘግየት ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ዋሱ መክፈል የሚገባው ጊዜ ደርሶ፣ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቶት ዝም ቢል፣ በሕግ የተወሰነው 9 በመቶ ወለድ (ቁጥር 1751 እና 1803) ሊታሰብበት ይችላል፤ ይህም በ200,000 ብር ላይ በዓመት 18,000 ብር ነው። ይህ ወለድ የሚመነጨው ከተበዳሪው ሳይሆን ከዋሱ ጥፋት ስለሆነ፣ የዋስትናው ጣሪያ ይከላከልለታል ለማለት ይቸግረኛል። በተለይ ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊነት የፈረመ ዋስ አስቀድሞ የተበዳሪው ንብረት ይሸጥ ብሎ መከራከር ስለማይችል፣ ማስጠንቀቂያው እንደደረሰው ያልተካደውን ገንዘብ እስከ ልኩ ከፍሎ፣ ለከፈለው ያህል በአበዳሪው መብት ተተክቶ ተበዳሪውን መጠየቅ ይሻለዋል።